ለጊዜው ተብሎ የተሠራ መኪና
የሞሪስ ዊልክስ ሕይወትና ሥራ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ የወንዙን ድልድይ ከተሻገረ በኋላም ወደ ጊምቢ ኮረብታዎች እንደገና ይወጣል። ርቀቱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በአስፋልት ላይ በጥቂት ሰዓት የሚፈጸመው ይህ ጉዞ፣ መንገዱ የጠጠርና የአፈር በነበረበት ዘመን፣ በተለይም በክረምት፣ ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ አንዳንድ ጊዜም መንገደኛውን በጭቃ ውስጥ የሚያሳድር ነበር። የወለጋ አፈር ቀይና ሸክላማ ነው። በነቀምቴ አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከግንቦት እስከ መስከረምም እምብዛም ፋታ አይሰጥም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ አርጆ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ነጆና ወደ መንዲ፣ ወይም ቢርቢርን ተሻግሮ ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ችግሩ ከዚህም የበረታ ነበር።

በዚያ ዘመን ሐኪሙን ወደ በሽተኛው፣ ቀያሹን ወደ ሥራው ቦታ፣ ነጋዴውን ወደ ገበያ፣ ቡናውንም ወደ መጋዘን በማድረስ ረገድ ከበቅሎ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው ላንድሮቨር ነው። ይህን መኪና የማያውቅ የወለጋ ሽማግሌ አይገኝም ለማለት ይቻላል። የሠሪውን ስም የሚያውቅ ግን ከመሐንዲሶችም መካከል ጥቂት ነው። ሰውዬው ሞሪስ ዊልክስ ይባላል። ሕይወቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ አንድ መሐንዲስ ታላቅ ሥራዬ ብሎ የሚደክምበት ነገርና ለሰው የሚተርፈው ሥራው ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ ሰው ታሪክ በግልጽ ስለሚታይ ነው።

ሞሪስ ፈርናንድ ኬሪ ዊልክስ በነሐሴ ወር 1904 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በሄይሊንግ ደሴት ተወለደ። ትምህርቱን በሞልቨርን ኮሌጅ ከፈጸመ በኋላ በ18 ዓመቱ፣ ማለት በ1922፣ በሂልማን የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሁለት ዓመት ሠራ። በዚያ ጊዜ አሜሪካኖች መኪናን በብዛትና በርካሽ ለመሥራት የሚከተሉትን ዘዴ በቅርብ ለመመልከት ቻለ። በ1928 ወደ ሂልማን ተመለሰ፤ በ1930 ደግሞ ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ በሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆነ።

ሮቨር በዚያን ጊዜ ዕዳ የተጫነውና ለመዘጋት የተቃረበ ኩባንያ ነበር። የሞሪስ ታላቅ ወንድም ስፔንሰር ዊልክስም እዚያው ይሠራ ነበርና በ1933 የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በዕድሜ 13 ዓመት የሚበላለጡት ሁለቱ ወንድማማቾች ሥራውን ተከፋፈሉት፤ ታላቁ ሒሳቡንና አስተዳደሩን ያዘ፣ ታናሹ ንድፉንና አሠራሩን ያዘ። ብዙ ዓይነት መኪና በርካሽ ከመሥራት ይልቅ ጥቂት ዓይነት መኪና በጥንቃቄ መሥራት ይሻላል ብለው ስለ ተነሡ፣ ኩባንያው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዕዳው ወጥቶ በጥራቱ የታወቀ ሆነ። ሞሪስ ዊልክስን የሚያውቁት ሁሉ ዝምተኛ፣ ትሑትና በአደባባይ መታየትን የማይወድ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ የሥራ ቤቱን ይመርጥ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሮቨር የሲቪል መኪና መሥራቱን አቁሞ ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ ገባ። በ1940 የእንግሊዝ መንግሥት ፍራንክ ዊትል የፈለሰፈውን የጄት ሞተር በፋብሪካ ደረጃ የማውጣቱን ተግባር ለሮቨር ሰጠ። ሥራው እጅግ ከባድና በምስጢር የተያዘ ነበር። በፈልሳፊውና በፋብሪካው መሐንዲሶች መካከል፣ ንድፉን የማሻሻል ሥልጣን የማን ነው በሚል ብርቱ አለመግባባት ተፈጠረ፤ ሥራውም ዘገየ። በመጨረሻ በ1943 መጀመሪያ ሮልስ ሮይስ የጄቱን ሥራ ተረከበ፣ ሮቨርም በምትኩ ሜቲዮር የተባለውን የታንክ ሞተር መሥራት ያዘ። የሮቨር መሐንዲሶች ያሻሻሉት ንድፍ በሮልስ ሮይስ እጅ ፍሬ ቢያፈራም ምስጋናው ወደ እነርሱ አልመጣም። ዊልክስ ግን ከዚህ ልፋት አንድ ነገር ይዞ ወጣ፤ የጋዝ ተርባይን ፍቅር ያደረበት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ፍቅር እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ሮቨር ራሱን በችግር መካከል አገኘው። በኮቨንትሪ ከተማ የነበረው ዋና ፋብሪካው በ1940 በቦምብ ተጎድቷል። በጦርነቱ ዘመን መንግሥት በሶሊሀል ያሠራውን ሰፊ ፋብሪካ ቢያገኝም በውስጡ የሚሠራው በቂ ሥራ አልነበረውም። ብረት በራሽን የሚሰጥ ሆነ፤ መንግሥትም ለብዙ ዕዳው የውጭ ምንዛሪ ይፈልግ ስለ ነበረ፣ ምርቱን ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ፋብሪካ ብቻ ብረት በደንብ ይሰጥ ነበር። ሮቨር የሚሠራቸው ለአገር ውስጥ ሐኪሞችና ጠበቆች የሚስማሙት ጨዋ መኪናዎች ግን በውጭ ገበያ ብዙ ፈላጊ አልነበራቸውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ብረት ሳይኖር፣ ትልልቅ ማተሚያ ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ሳይኖር፣ በውጭ አገር የሚሸጥ ምን ነገር ሊሠራ ይችላል?

መልሱ የመጣው ከእርሻ ነው። ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ ሰሜን ጠረፍ ባለችው በአንግልሲ ደሴት፣ ኒውቦሮ በተባለች መንደር አጠገብ የእርሻ መሬት ነበረው። በዚያም ከጦር ሠራዊቱ ትርፍ ንብረት የተገዛ አንድ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። በጂፑ እንጨት ይጎትታል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ አሸዋና ረግረግ ያቋርጣል። ጂፑ ለጦርነት እንጂ ለእርሻ የተሠራ አልነበረም፤ በብዙ አገልግሎትም አርጅቶ ነበር፤ መለዋወጫውንም ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ ይህ ጂፕ ሲያልቅ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሌላ የሚተካው መኪና ስለሌለ ሌላ ጂፕ ከመግዛት በቀር ምርጫ እንደሌለው ገለጸለት። ይህን በተናገሩ ጊዜ የሁለቱም ሐሳብ ወደ አንድ ነገር ሄደ። በ1947 የፋሲካ ሰሞን ዊልክስ በሬድ ወርፍ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የአዲሱን መኪና ቅርጽ ለወንድሙ እንደ ነደፈለት በኩባንያው ታሪክ ይነገራል።

ከዚህ በኋላ ሥራው እጅግ ፈጠነ። ዊልክስ ጎርደን ባሽፎርድንና ቶም ባርተንን የመሳሰሉ መሐንዲሶችን ሰብስቦ ሥራውን ሰጣቸው። የመጀመሪያው መሞከሪያ በጂፕ ሻንሲ ላይ የተሠራ ነበር። መሪው በመካከል እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ምክንያቱም መኪናው እንደ ትራክተር ያገለግላል ተብሎ ስለ ታሰበና ለቀኝና ለግራ ነጂ አገሮች ሁለት ዓይነት መሥራት እንዳያስፈልግ ነው። ሲሞከር ግን አመቺ ሆኖ አልተገኘምና ተተወ። በመስከረም 1947 የኩባንያው ቦርድ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በሚያዝያ 30 ቀን 1948 አዲሱ መኪና ላንድሮቨር ተብሎ በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። ከአሸዋው ንድፍ እስከ ትርኢቱ ድረስ የፈጀው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ መሆኑ ዛሬም ቢሆን የሚያስደንቅ ነው።

የመኪናውን አሠራር ለመረዳት በችግር ምክንያት የተወሰዱትን ውሳኔዎች አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ብረት ስላልነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ ተሠራ፤ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሥራ ስለ ቀነሰ አሉሚኒየም ይገኝ ነበርና። ሁለተኛ፣ ላሜራውን በክብ ቅርጽ የሚያትም ከባድ ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረ፣ አካሉ ጠፍጣፋ ሆኖ በቀላል መሣሪያ የሚታጠፍ እንዲሆን ተደረገ። ሦስተኛ፣ ሻንሲው አራት ጠፍጣፋ የብረት ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደው እንደ ሣጥን የተገጠሙበት ነው፤ ይህም ውድ ማተሚያን አስቀርቶ ጠንካራና የማይጣመም አካል አስገኘ። አራተኛ፣ ሞተሩና ካምቢዮው በዚያን ጊዜ ሮቨር ለአውቶሞቢሎቹ ከሚሠራቸው የተወሰዱ ነበሩ። ሞተሩ 1.6 ሊትር ሆኖ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት እንደ ጂፑ 203 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዋጋው 450 ፓውንድ ነበር።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለጊዜው ነበር። ኩባንያው የቀድሞ አውቶሞቢሎቹን በብዛት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ፋብሪካው ሥራ ፈት እንዳይሆን የታሰበ መሸጋገሪያ ነው። ይሁን እንጂ ለፋብሪካው ብለው የመረጡት ቀላል አሠራር በሺህ ማይል ርቀት ለሚገኘው ባለ መኪና ትልቅ በረከት ሆነ። ጠፍጣፋው ላሜራ ሲጎዳ በመዶሻና በእንጨት ተቀጥቅጦ ይቃናል፤ አሉሚኒየሙ እንደ ብረት በዝገት አይበላም፤ የአካሉ ክፍሎች በብሎን ስለ ታሰሩ አንዱን ፈትቶ በሌላ መተካት ይቻላል። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ በማኒቬላ ይነሣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት መፍቻ፣ አንድ ክሪክና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው።

አራቱም ጎማዎች የሚነዱበት ምክንያትም በወለጋ ጭቃ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ግልጽ ነው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና በመሬቱ ላይ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ባረፈው ክብደት መጠን ነው። ቀዩ ሸክላ በዝናብ ሲርስ ደግሞ የጎማና የመሬት መያያዝ ከደረቁ ጊዜ በብዙ እጅ ይቀንሳል። በአራቱም የሚነዳው ግን መላው ክብደቱ ለመግፋት ያገለግለዋል። ላንድሮቨር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ሌላ ትንሽ የማርሽ ሣጥን ስላለው ነጂው ከአራቱ ማርሾች ሌላ አራት ዝቅተኛ ማርሾችን ያገኛል። በእነዚህም መኪናው እንደ ሰው እርምጃ በዝግታ እየሄደ አቀበቱን ይወጣል፣ ቁልቁለቱንም በሞተሩ ኃይል እየተያዘ ይወርዳል። በመጀመሪያው ንድፍ አራቱም ጎማዎች ዘወትር ይነዱ ነበር። በ1950 ግን ነጂው በፈለገው ጊዜ የፊቱን ጎማዎች የሚያስገባበትና የሚያወጣበት ዘዴ ተደረገለት፤ በደረቅ መንገድ መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ፣ ሁለቱ እንደ ተያያዙ ቢቆዩ ማርሾቹና ዘንጎቹ በከንቱ ይጨናነቃሉና።

ከዚህም በላይ ከሞተሩ በመካከልና በኋላ በኩል ኃይል የሚያወጣ ዘንግ ነበረው። በዚህ ዘንግ የእህል መውቂያን፣ የእንጨት መሰንጠቂያን፣ የውሃ ፓምፕንና የብየዳ ማሽንን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ዊልክስ ያሰበው፣ ወደ እርሻው ሄዶ የሚሠራ፣ ማታ ደግሞ ባለ ቤቱን ወደ ከተማ የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ሞተር ነው። በሽያጭ ላይ ከዋለ ከሁለት ዓመት በኋላ የላንድሮቨር ቁጥር ከኩባንያው አውቶሞቢሎች ሁሉ በለጠ። በ1956 ሻንሲው ባለ 88 ኢንችና ባለ 109 ኢንች በሆኑ ሁለት መጠኖች መሠራት ጀመረ፤ በ1957 የናፍጣ ሞተር ተገጠመለት፤ በ1959 ሩብ ሚሊዮንኛው መኪና ከፋብሪካው ወጣ። ከተሠሩት ውስጥ አብዛኛዎቹ የሄዱት ወደ ውጭ አገር ነበር።

ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጊዜው ለመኪናው የተመቸ ነበር። በ1951 የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ የጠፉት መንገዶች መታደስ ጀምረዋል፤ ነገር ግን ዋና መንገድ በተዘረጋበት አገር እንኳ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ ገና ከመኪና ርቆ ነበር። ወለጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ነቀምቴ ድረስ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለከባድ መኪና ያገለግላል። የክፍለ ሀገሩ ሀብት ግን ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ቡናው በጊምቢና በቄለም፣ ፕላቲኑ በዩብዶ፣ ሰፊው የእህልና የከብት አገር በሆሮ ጉድሩ ነው። የጭነት መኪናው ከቆመበት ቦታ እስከ ገበሬው ደጅ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው በቅሎ፣ አህያ ወይም ላንድሮቨር ነበር።

አገልግሎቱም ብዙ ዓይነት ነበር። የገበያ ቀን ሲሆን ከኋላው ባሉት ትይዩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቡናው፣ ቅቤውና ማሩ በእግራቸው ሥርና በጣሪያው ላይ ተጭኖ ይጓዛል። በጊምቢ፣ በአይራና በነቀምቴ ያሉት ሆስፒታሎች የሚቀበሉት በሽተኛ ከሩቅ መንደር በቃሬዛ ወደ መንገድ ወጥቶ፣ ከመንገዱ ደግሞ በዚሁ ዓይነት መኪና የሚደርስ ነበር። ምጥ የጸናባት ሴት በጊዜ መድረስና አለመድረሷ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አንድ ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል መኪና ወንዙን በመሻገሩና ባለመሻገሩ ነው። በ1959 የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት እንደ ዴዴሳና አንገር ባሉ ቆላማ ሸለቆዎች ሠራተኞችንና የዲዲቲ መርጫዎችን ለማድረስ የዚህ ዓይነት መኪና የግድ ያስፈልገው ነበር። ከ1971 እስከ 1976 በመላው ኢትዮጵያ የተካሄደው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻም ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል መኪናና በቅሎ እየተፈራረቁ የሠሩት ሥራ ነው።

ለሙያ ባልደረቦችም መኪናው እንግዳ አይደለም። ከ1958 ጀምሮ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና፣ በኋላም በሆሮ ጉድሩ የፊንጫ ግድብ ሲሠራና በ1973 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ወደ ቦታው የሚገባው ቀያሽና ጂኦሎጂስት ነው። ቴዎዶላይቱን፣ ድንኳኑን፣ የውሃ በርሜሉንና የአፈር ናሙናውን ይዞ በዱካ መንገድ የሚሄድበት መኪና ያስፈልገዋል። በዚህ አገር ብዙ መንገድ መጀመሪያ የተለካው፣ ገና መንገድ ሳይኖር ከሄደ መኪና ላይ ወርዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን ሳይናገሩ ማለፍ ለሙያውም ለሟቹም ክብር አይሆንም። ላንድሮቨር የሚያናውጥ መኪና ነው፤ ባሌስትራው ጠንካራ፣ ድምፁ ከፍተኛ፣ በቆላ ውስጡ የሚያቃጥል ነው። ከኋላ ዲፈረንሲያል ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጭነት ሲበዛበትና ነጂው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ የመሰበር ጠባይ ነበረው። አካሉ አሉሚኒየም ቢሆንም ሻንሲው ብረት ነውና ጭቃ በውስጡ ታጉሮ ከቆየ ከማይታየው ወገን ይዝጋል። ከሁሉም የከፋው ግን ከሠሪው ሐሳብ ውጭ የሆነው አጠቃቀም ነው። ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ሰው የታሰበው ረጅሙ መኪና ከዚያ እጅግ የበለጠ ሰው በውስጡ፣ ከባድ ዕቃም በጣሪያው ላይ ሲጫንበት የክብደቱ ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል፤ በጎን በተዘነበለ መንገድ ላይም በቀላሉ ይገለበጣል። ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከዚያ መኪና በቀር ሌላ መሄጃ ስላልነበረ ነው። መኪናው የመንገዱን ጉድለት በመጠኑ ቢሸፍንም ዋጋውን የከፈለው ተሳፋሪው ነበር።

ወደ ዊልክስ ሕይወት እንመለስ። ላንድሮቨር የኩባንያውን ካዝና ሲሞላ፣ የእርሱ ልብ ያለው በጋዝ ተርባይኑ ዘንድ ነበር። በመጋቢት 1950 ሮቨር በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን በጋዝ ተርባይን የሚነዳ አውቶሞቢል አሳየ። በ1952 ይኸው መኪና በቤልጅግ አገር በያቤክ መንገድ ላይ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። በጋዜጣ የተወራለት፣ በኤግዚቢሽን የታየው፣ በኋላም ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም የተቀመጠው እርሱ ነው። በሰኔ 1963 ደግሞ ሮቨር ከቢ.አር.ኤም. ጋር የሠራው የተርባይን መኪና በፈረንሳይ አገር በለ ማን ውድድር 24 ሰዓቱን ሮጦ ፈጸመ። ነገር ግን ተርባይኑ ነዳጅ እጅግ ይፈጃል፤ ሙቀቱን የሚችለው ብረት ውድ ነው፤ በትንሽ መኪና መጠን ሲሠራም ብቃቱ ዝቅ ይላል። ብዙ ዓመት የተለፋበት ይህ ሥራ ለገበያ የሚወጣ አንድ መኪና እንኳ ሳያስገኝ ቀረ።

ዊልክስ በ1962 የሮቨር ሊቀ መንበር ሆነ። በሹመቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በመስከረም 1963፣ የለ ማን ውድድር በተፈጸመ በሦስተኛው ወር፣ በ59 ዓመቱ በአንግልሲ በድንገት ዐረፈ፤ በዚያው ደሴትም ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ቸርና ትሑት ሰው እንደ ነበረ፣ በዓለም የመጀመሪያውን የጋዝ ተርባይን አውቶሞቢል ያስገኘ መሆኑም ተጽፏል። ስለ ላንድሮቨር ግን አንዲት ቃል የለም። ጽሑፉን ያዘጋጁት ወዳጆቹ የሚያኮራው ሥራው ያ እንደሆነ አምነው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ማንም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይፈርድም ነበር። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው መኪና ግን በ1966 ግማሽ ሚሊዮን፣ በ1976 አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ከዊልክስ ንድፍ በቀጥታ የተወለደው የመጨረሻው መኪና ከሶሊሀል ፋብሪካ የወጣው በጥር 2016 ነው።

በኢትዮጵያ ዘመኑ ቀደም ብሎ አልፏል። በደርግ ዘመን ዋዝ የተባለው የሶቪየት መኪና፣ ከዚያም በኋላ ቶዮታ ላንድክሩዘር ቦታውን ወሰዱበት። በከተሞች ውስጥ ባጃጅ፣ በገጠር መንገድ አይሱዙ ሥራውን ተካፈሉት። መንገዱም እየተሻሻለ ሄደ፤ ሊደሰቱበትም የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ መንገድ ያለው ሕዝብ ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል መኪና እምብዛም አያስፈልገውም። ቢሆንም በወለጋ ትናንሽ ከተሞች የላንድሮቨር ዘመን አንድ ዋና ነገር ትቶ አልፏል። እርሱም እየፈታ፣ እያየ፣ እየገጠመ የተማረ መካኒክ ነው። መኪናው ለማንም የሚከፈት ስለ ነበረ፣ በየጋራዡ ደጅ መፍቻ አቀባይ ሆኖ የገባ ልጅ ካምቢዮ ማውረድን፣ ፍሪሲዮን መለወጥን፣ ባሌስትራ መደርደርን በእጁ ለመማር ቻለ። ለብዙዎች የመጀመሪያው የቴክኒክ ትምህርት ቤታቸው ያ መኪና ነበር።

ለመሐንዲስ የሚቀረው ትምህርትም ይኸው ይመስላል። ዛሬ ለወረዳ መሥሪያ ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለውሃ ሥራ ማሽን ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚታየው ጉልበቱ፣ ዋጋውና አዲስነቱ ነው። ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል፣ በምን መሣሪያ፣ ከየት በሚመጣ ዕቃ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ጠፍታ፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ በግቢ ውስጥ ሣር የበቀለበት መኪና በየክልሉ ይታያል። ሞሪስ ዊልክስ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ እንዲመልስ ያደረገው የተለየ ጥበብ አልነበረም፤ ብረትና ገንዘብ አጥቶ ነበር፤ በእርሻው ላይ ደግሞ መኪናውን የሚነዳውም የሚጠግነውም እርሱ ራሱ ነበር። ችግሩ የእኛም ችግር ነውና መልሱ እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ለመድረስ ቻለ።